የደረቀና የተሰነጠቀ እግር አያያዝ፦ ለደሴ ብርድም ለኮምቦልቻ አቧራም

ደሴ ላይ ውርጩ ሲጀምር የብዙ ሰው ተረከዝ መሰንጠቅ ይጀምራል። ካልሲ ስትለብሱ ክሩን ይይዛል። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትገቡ ሻካራነቱ ይሰማችኋል። ሲብስ ደግሞ ስንጥቁ ጠልቆ ይደማል፣ በተረከዝ መርገጥ ይከብዳል፣ ሰው ሳያስበው በጣቶቹ በኩል መራመድ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው ታዲያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋይ አንስቶ መፈተግ። ቆዳው እስኪቀላ ይፈትጋል፣ ለሁለት ቀን ይለሰልሳል፣ በሳምንቱ ከበፊቱ ደድሮ ይመለሳል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የደረቀ እግርን የሚያድነው ፍተጋው ሳይሆን ቅባቱ ነው። ፔዲኪዩር ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን በወር አንዴ ሳሎን ሄዳችሁ በቀረው ጊዜ እግራችሁን ከረሳችሁት ገንዘባችሁን ነው የምታባክኑት። በየማታው አምስት ደቂቃ የሚሰጠው ሰው ሳሎን ባይሄድም ተረከዙ ይለሰልሳል።

እግር ለምን ይደርቃል?

የውስጥ እግር ቆዳ ከሌላው ገላችን ይለያል። ያልበዋል እንጂ ወዝ የሚያመነጭ ዕጢ የለውም። ፊት ራሱን በራሱ ያወዛል፣ ውስጥ እግር ግን ከውጭ ካልቀባነው የሚያወዛው የለም። በዚያ ላይ የገላችንን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ስንረግጥ ተረከዛችን ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ቆዳው እርጥበት ካለው አብሮ ይሳባል፣ ደርቆ ከደደረ ግን እንደ በጋ ዋልካ መሬት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሁልጊዜ በተረከዝ ዙሪያ፣ በጠርዙ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሸበጥም ሆነ ሌላ ከኋላው ክፍት የሆነ ጫማ ተረከዙን የሚደግፍበት ስለሌለው ነገሩን ያብሰዋል።

አገሩም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያለችው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብርዱም ደረቅ ነፋሱም አብረው ይመጣሉ። ብርድ ስለሆነ ሰው በሚያቃጥል ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ እሳት ዳር እግሩን ዘርግቶ ይሞቃል። ሁለቱም ቆዳን ያደርቃሉ። ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ ሙቀት ነው፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ በክፍት ጫማ ይውላል፣ አቧራው ደግሞ የቆዳውን እርጥበት ይመጥጠዋል። ፋብሪካ የሚሠራው በወፍራም የሥራ ጫማ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል በጣቶቹ መሃል ያልበውና ይልጣል፣ ተረከዙ ግን ደድሮ ይቆያል። ደሴ ያለው ሰው ዋና ሥራው ማወዛት ነው። ኮምቦልቻ ያለው ደግሞ ማታ ማታ አቧራውን በደንብ ማጠብና የጣቶቹን መሃል ማድረቅ ይጨመርበታል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማሳሰቢያ

የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም እግራችሁ የሚደነዝዛችሁ ሰዎች፣ መዘፍዘፉንና መፈተጉን ተዉት። ውኃው ቢያቃጥላችሁ ላይታወቃችሁ ይችላል፣ ትንሽ ቁስልም ቶሎ ላይድን ይችላል። እናንተ እግራችሁን ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ቅባቱን ብቻ ተቀቡ፤ የጣቶቻችሁን መሃል ግን አትቀቡ። በየቀኑም ውስጥ እግራችሁን እዩ። ማየት ካቃታችሁ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጡ ወይም ልጆቻችሁ ይዩላችሁ። የደደረውን ቆዳ የሚያነሳላችሁ የጤና ባለሙያ ይሁን።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ብዙ አይደለም። ሳፋ፣ ለስላሳ የገላ ሳሙና፣ የእግር መፈተጊያ ድንጋይ ወይም የተረከዝ ሞረድ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ቫዝሊን፣ የጥጥ ካልሲ። ከተገኘ ግሊሰሪን ከፋርማሲ። አቅም ካላችሁ ደግሞ ዩሪያ ያለበት ክሬም ጠይቁ፤ ለየቀኑ 10 ፐርሰንት፣ በጣም ለደደረ ተረከዝ ከ20 እስከ 25 ፐርሰንት። ዩሪያ የደደረውን ቆዳ ያላላል፣ እርጥበትም ይይዛል። ክፍት ስንጥቅ ላይ ግን ያቃጥላል፣ መጀመሪያ ስንጥቁ ይዝጋ።

ድንጋዩ የየራሳችሁ ይሁን። ከእህትም ከባልም ጋር አትጋሩት። ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ቆዳና እርጥበት ፈንገስ ያሳድራል፣ ያንን ማጽዳት ደግሞ ከባድ ነው። ሥራችሁን ስትጨርሱ በሳሙናና በብሩሽ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

መዘፍዘፍ

በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፣ በጣም ለደደረ ሁለት ቀን። ውኃው ለብ ያለ ይሁን። በክርናችሁ ፈትሹት፤ ክርናችሁን ደስ ካለው ለእግራችሁም ይስማማዋል። ሳሙናውን በትንሹ አረፋ አድርጉበት። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፣ በረኪናም ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ቆሻሻውን ያነሳል፣ ግን ቆዳው የቀረችውን ትንሽ ወዝ ጠራርጎ ይወስዳታል። ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ደግሞ ያቃጥላል።

አሥር ደቂቃ በቂ ነው፣ ቢበዛ አሥራ አምስት። ብዙ ስትዘፈዝፉት የሚለሰልስ ይመስላል፣ ሲወጣ ግን የባሰ ይደርቃል። መድረሱን በአውራ ጣታችሁ ታውቁታላችሁ። ተረከዛችሁን ጫን አድርጋችሁ እሹት፤ ላዩ ላይ ያለው የሞተ ቆዳ ነጣ ብሎ ከጣታችሁ ሥር መላላት ከጀመረ ደርሷል።

መፈተግ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

እግራችሁን ከውኃው አውጡና ውኃው እንዳይንጠባጠብ ብቻ ፎጣ አስነኩት። ድንጋዩንም አርጥቡት። ከተረከዙ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሳብ ሳብ አድርጉት። ወዲህና ወዲያ ማመላለስ ጤነኛውን ቆዳ ይልጠዋል። እጃችሁን ቀለል አድርጉ። ከአሥር አሥራ አምስት ጊዜ በኋላ ቆም ብላችሁ አጠብ አድርጉና በጣታችሁ ዳስሱ። ነጩ ልጣጭ ከተነሳና ሥሩ ለስለስ ካለ ለዛሬ በቃ። ሁሉንም በአንድ ቀን ላንሳ አትበሉ። ያ የደደረ ቆዳ የመጣው እግራችሁን ሊከላከል ነው፤ ጨርሳችሁ ስትገፉት ሰውነታችሁ ተጎዳሁ ብሎ ሌላ ወፍራም ይተካል። መቅላት፣ ማቃጠል ወይም ሙቀት መሰማት ከጀመረ አልፋችኋል ማለት ነው፣ አቁሙ።

ስንጥቅ ያለበትን ቦታ በቀጥታ አትፈትጉ። ከዳርና ከዳሩ ያለውን የደደረ ጠርዝ ብቻ ለስለስ አድርጉት። ስንጥቁን ከፍቶ የያዘው እሱ ጠርዝ ነውና እሱ ሲላላ ስንጥቁም ለመዝጋት ይቀለዋል።

ድንጋይ ከሌለ ስኳር በትንሽ የምግብ ዘይት ለውሳችሁ ማሸት ትችላላችሁ። ለእግር ጀርባና ለጣቶች ከድንጋይ ይሻላል። ለደደረ ተረከዝ ግን አቅም የለውም። ምላጭ ግን በምንም መልኩ አይነካ።

ጥፍር

ጥፍር ከተዘፈዘፈ በኋላ ስለሚለሰልስ ለመቁረጥ ይመቻል። ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ጥጉን አትጎርዱት። ጥጉ ገብቶ ከተቆረጠ ሲያድግ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሹል ከሆነ በሞረድ ለስለስ ማድረግ ይበቃል። በጥፍሩ ሥር ያለችውን ስስ ቆዳም አትቁረጧት፣ የጥፍሩን ሥር ከጀርም የምትዘጋው እሷ ናት። ለስለስ ስትል በፎጣ ጫፍ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

ማድረቅና መቀባት

ፎጣውን በየጣቱ መሃል አስገብታችሁ አንድ በአንድ አድርቁ። የተረከዙን ግን ጨርሳችሁ አታድርቁት። ትንሽ እርጥበት ይቅርበት። ቅባት በራሱ እርጥበት አይሰጥም፣ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ነው የሚዘጋው። በደረቀ እግር ላይ ቫዝሊን መለቅለቅ ድርቀቱን መክደን ነው። ከታጠባችሁ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ብትቀቡ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ግሊሰሪን ካላችሁ አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ውኃ አቅጥናችሁ መጀመሪያ እሱን ቀቡ። ለብቻው ወፍራሙን አትጠቀሙ። ግሊሰሪን ውኃ የሚስብ ነገር ስለሆነ አየሩ ደረቅ በሆነበት ጊዜ ከራሱ ከቆዳው ሊስብ ይችላል። ከላዩ ቫዝሊን፣ ለአንድ ተረከዝ የባቄላ ፍሬ ያህል። በአውራ ጣታችሁ ክብ ክብ እያደረጋችሁ አስገቡት፣ በተለይ በስንጥቁ ዳርና ዳር። የጣቶች መሃል ላይ ምንም አይቀባ፣ ቅባት እዚያ እርጥበት አፍኖ ፈንገስ ይጋብዛል። ከዚያ የጥጥ ካልሲ ለብሳችሁ ተኙ። ናይሎን አይሁን። ቅባቱን ተቀብታችሁ በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ አትሂዱ፣ ያንሸራትታል። በተለይ ለትልልቅ ሰዎች ካልሲውን ሳታለብሱ አታስነሷቸው።

ይህ የመቀባቱ ነገር የየማታ ነው። መዘፍዘፉና መፈተጉ በሳምንት አንዴ፣ ቅባቱ ግን በየቀኑ። ማታ ደክሟችሁ ከሆነ ሁሉንም ተዉትና እግራችሁን ታጥባችሁ ቀብታችሁ ተኙ። ቀለል ያለው ድርቀት በአንድና በሁለት ሳምንት መሻሻል ይጀምራል። የደደረውና የተሰነጠቀው ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሲለሰልስ ግን አታቁሙ።

ቅቤስ?

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ቅቤ ያወዛል፣ እናቶቻችንም በሱ ነው ያደጉት። ስንጥቅ በሌለው ቆዳ ላይ ችግር የለውም። ስንጥቅ ውስጥ ግን አትጨምሩት፣ ንጹሕነቱን ማረጋገጥ አይቻልም። የሰሊጥ ዘይትም የጉሎ ዘይትም እንደዚያው። ቫዝሊንን የምመርጠው ስለማይበላሽ፣ ስለማይሸትና ርካሽ ስለሆነ ነው። ሎሚ ግን ይቅር። የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ ሎሚ ማሸት ከማቃጠል በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ውዱእ ለምታደርጉ

በቀን አምስት ጊዜ እግር መታጠብ ንጽሕናው ግሩም ነው፤ እግሩ በደንብ ካልደረቀና ካልተቀባ ግን የደሴ ብርድ ተጨምሮበት ያደርቃል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እርጥብ እግር ካልሲና ጫማ ውስጥ አይግባ። ትንሽ የእጅ ፎጣ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ የጣቶቹን መሃል አድርቁ። ሁለተኛ፣ ቀን ላይ መቀባቱ ካልተመቻችሁ ወፍራሙን ቅባት ከዒሻ በኋላ አድርጉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራላችኋል። ለሱብሒ ስትነሱ በሳሙና ማጠብ ነው።

ስንጥቁ ጠልቆ ከደማ

መፈተጉን ሙሉ በሙሉ አቁሙ። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ ቫዝሊን ሙሉበት፣ በንጹሕ ጎዝ ወይም በፕላስተር ሸፍኑት። በየቀኑ ቀይሩት። እነዚያን ቀናት ከኋላው የተዘጋ ጫማ በካልሲ አድርጉ። ቤት ውስጥም በባዶ እግር አትሂዱ። ስንጥቁ ጠርዙ ለጠርዝ እንዲገናኝ ነው የምንፈልገው፣ በየእርምጃው ከተለጠጠ አይዘጋም። ገበያ ቆመው ለሚውሉ፣ ለምሳሌ ሰኞ ገበያ በሸበጥ ሲረግጡ ለሚውሉ እናቶች፣ ከቅባቱ እኩል የሚጠቅማቸው ጫማውን መቀየር ነው።

የእናታችሁን እግር ስትሠሩ ይህንን አስታውሱ። ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ማለት ስለሚከብዳቸው ተረከዛቸውን ካዩት ቆይተዋል። «እማዬ፣ እስቲ እግርሽን ስጪኝ» ብላችሁ ጉልበታችሁ ላይ ፎጣ ዘርግታችሁ ጀምሩ። ውኃውን በእጃቸው ሳይሆን በናንተ ክርን ፈትሹ። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ድንጋዩን ከራሳችሁ ግማሽ ያህል ብቻ ጫኑት። እየሠራችሁ ፊታቸውን እዩ፣ ብዙዎቹ እያመማቸውም «ምንም አይል» ይላሉ።

ሳሎን ስትሄዱ

ፒያሳ አካባቢም ሆነ ኮምቦልቻ ጥሩ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ እጃቸው የሰላ። ግን ዕቃውን እዩ፣ ለማየትም አትፈሩ። ጥፍር መቁረጫውና ሌላው ብረት በሳሙና ታጥቦ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ 70 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ተነክሮ መሆን አለበት። ጨርቅ አስነክቶ መመለስ ማጽዳት አይደለም። በማሽን በሙቀት የሚቀቅል ካለ ደግሞ እጅግ ጥሩ። ሳፋው ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር መታጠብና በመድኃኒት መጽዳት አለበት። ከሁሉ የሚሻለው የራሳችሁን ድንጋይና ጥፍር መቁረጫ በትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ መሄድ ነው።

ምላጭ ወይም ምላጭ ያለበት መላጫ ሲያወጡ ካያችሁ በጥሩ ቃል ከልክሉ። «የኔ እህት፣ ምላጩን ተዪልኝ፣ በድንጋይ ብቻ ሥሪልኝ» ማለት ይበቃል። ምላጭ ጠልቆ ይቆርጣል። ምላጩ ሰው የተላጨበት ከሆነ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢና ሲን፣ ኤችአይቪንም ሊያስተላልፍ ይችላል። እግራችሁ ላይ ቁስል ወይም የሚደማ ስንጥቅ ካለ የዚያን ሳምንት ሳሎን አትሂዱ። የእግራችሁን ፀጉር የምትላጩ ከሆነም ከፔዲኪዩር በፊት ባለው ቀን አትላጩ፣ በማይታይ ጭረት ጀርም ይገባል።

ሰርግ ወይም ዒድ ካለባችሁ ከወር በፊት ጀምሩ። ለጥር ሰርግ እግሩ እንዲያምር ቅባቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ መጀመር አለበት። ሂና ወይም እንሶስላ ከመሞቃችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ፈትጉ፤ ቀለሙ ለስላሳ ቆዳ ላይ እኩል ይይዛል፣ የደደረው ላይ ግን ይጠቁርና ነጠብጣብ ይሆናል። ዕለቱን ከመሞቁ በፊት ቅባት አትቀቡ። አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በሉ። ሂናው ቶሎ ጥቁር እንዲል የፀጉር ቀለም የሚቀላቅሉ አሉ። ያ ቀለም ቆዳን ያቃጥላል፣ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። የተፈጥሮው ሂና ቀይ ወይም ቡናማ ነው የሚሆነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሰል የሚመስል ጥቁር ከሆነ አስታጥቡት።

ሐኪም ቤት የሚያስኬድ

በወር ያህል ጊዜ በየማታው ቀብታችሁ ለውጥ ከሌለ፣ ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል። ውስጥ እግሩን በሙሉ ዱቄት እንደነሰነሱበት የሚያስመስል ስስ ልጣጭ፣ በተለይ በጣቶች መሃል ከሚያሳክክ ርጥብ ነጭ ቆዳ ጋር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። ቅባት አያድነውም፣ የፈንገስ መድኃኒት ነው የሚፈልገው። መድኃኒቱንም ማሳከኩ ሲጠፋ ሳታቋርጡ የተባላችሁትን ጊዜ ሙሉ ቀቡ። ደሴ ላይ ክረምት ጫማ ረጥቦ ሲውል ይህ ይበዛል። የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመምና ችፌም እግር ሊያደርቁ ይችላሉ።

ስንጥቁ ዙሪያውን ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ትንሽም ቁስል ካያችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ። መርፌ ቢነካው የማይሰማ፣ ስሜት ያጣ ቆዳ ካለም እንደዚያው። በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይጀምርላችኋል። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ከደሴ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና የቆየ ልምድ አለው። ስትሄዱ እስካሁን የቀባችሁትን ሁሉ፣ ክሬሙንም፣ ከሰው የተሰጣችሁንም ቅባት፣ ከነዕቃው ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እግራችሁን ታጥባችሁ ምንም ሳትቀቡ ሂዱ፣ ቆዳው እንዳለ እንዲታይ።